ማሲንቆው ሲገባ ኪቦርዱ ምን ይሁን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ጥያቄዎችን ብቻ ይዘናል። ሁሉም አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፤ ከገጠር የመጣ ባለማሲንቆ ከከተማ ልጆች ጋር ሲጫወት ምን ይለወጣል፣ ምንስ ይበላሻል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የባህል ባንድ ያለን ወጣቶች ነን። ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ አለን። ከመንዝ የመጡ አንድ ባለማሲንቆ፣ አባባ ነው የምንላቸው፣ አብረውን መጫወት ጀምረዋል። እሳቸው ከመጡ ወዲህ ማሲንቆና ክራር ልማር የሚል ልጅ በዝቷል፤ በኪቦርድ ብቻ ይሠሩ የነበሩ ልጆችም ክራር ፍለጋ ወጥተዋል። የእኛ ድምፅ ግን አልገጥም ብሏል። ኪቦርዲስታችን «ማሲንቆው ከቅኝት ወጣ» ይላል፤ አባባ ደግሞ «ይኼ ሳጥን ነው የሚዋሽ» ይላሉ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም የሰሙትን ነው የተናገሩት፤ ባንዱ መከተል ያለበት ግን አባባን ነው።

ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ አለው። ጣት አውታሩን ይነካዋል እንጂ እስከ አንገቱ እንጨት ድረስ አይጫነውም፤ እንደ ጊታር ድምፁን የሚወስን ፍሬትም የለውም። ክፍቱ አውታር አንድ ድምፅ፣ አራቱ ጣቶች አራት ድምፅ ይሰጣሉ፤ የቅኝቶቻችንም ድምፆች አምስት ናቸው። ጣቱ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው የተጫዋቹ ጆሮ ስለሆነ አንዳንዱ ድምፅ ከኪቦርዱ ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ይላል። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለውን) ለ12 እኩል ግማሽ ድምፆች የከፈለ መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። የ10 ሴንት ልዩነት ማሲንቆው ለብቻው ሲሰማ አይታወቅም። ኪቦርዱ ያንኑ ዜማ ይዞ አብሮት ሲጫወት ግን ድምፁ ይርገበገባል፤ 20 እና 30 ሴንት ሲሆን ደግሞ ተራ አድማጭም ጆሮውን ይከረክረዋል። ልጆቹን ወደ አባባ የሳበው ይኸው የጣት አቀማመጥ ስለሆነ፣ ወደ ኪቦርዱ እንዲጠጋ ማስገደድ የመጣችሁበትን ነገር ማጥፋት ነው።

አቃኛኙ በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ አባባ ያለምንም መሣሪያ አንድ የሚወዱትን ዘፈን ይዝፈኑ፤ ጉሮሯቸው ሳይጨነቅ ከፍ የሚለው እስከ የት እንደሆነ ስሙ። ቀጥሎ ዋሽንት ነው፤ ዋሽንት ከተሠራ በኋላ አይቃኝምና ሌላው ሁሉ ለእሱ ይገዛል። ባለዋሽንቱ ካሉት ዋሽንቶች ለአባባ ድምፅ የሚቀርበውን ይምረጥ። ከመቃኘታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ይንፋው። ቀዝቃዛ ዋሽንት ዝቅ ብሎ ይጀምርና ትንፋሽ ሲያሞቀው ከፍ ይላል፤ በደብረ ብርሃን ምሽት ሳይሞቅ የተቃኘበት ባንድ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይፈርሳል። ከዚያ የማሲንቆው ክፍት አውታር ለዋሽንቱ፣ ክራሩ ለማሲንቆው፣ ቤዙ ለክራሩ ይቃኝ። ኪቦርዱ መጨረሻ ላይ ይግባ።

ኪቦርዱን ለማስገባት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። በትራንስፖዝ (ኪቦርዱን በሙሉ በግማሽ ድምፅ እየዘለለ በሚያወጣና በሚያወርድ ቁልፍ) ወደ ቅርቡ ግማሽ ድምፅ ይውሰዱት፤ የቀረውን ትርፍ በማስተር ቲዩን (ኪቦርዱን በሙሉ በጥቂት በጥቂቱ በሚቃኝ) ያስተካክሉት። የስልክ ቲዩነር ክፍቱ አውታር 30 ሴንት ከፍ ብሏል ካለ፣ 440 ኸርዝ የነበረው ማስተር ቲዩን ወደ 447.7 ይሄዳል። ቤዙንም በቲዩነር የምትቃኙ ከሆነ ቲዩነሩን በዚያው ቁጥር ላይ አድርጉት፤ ብዙ ባንድ ኪቦርዱን አንቀሳቅሶ ቤዙን 440 ላይ ይረሳዋል። ኪቦርዳችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው የሚቃኝ ስኬል ቲዩን ካለው (ብዙዎቹ የያማሃና የኮርግ አሬንጀሮች አላቸው) አንድ ደረጃ መቀጠል ትችላላችሁ። አባባ እያንዳንዱን ጣት ለብቻው 5 ሴኮንድ ያህል ይያዙት፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ጻፉና በየቁልፉ አስገቡት። ቅኝት ሲቀየር የጣቱ ቦታም ይቀየራልና ለየቅኝቱ የተለየ ሜሞሪ ያዙ።

ይህ ሁሉ ከሌለም መፍትሔ አለ። ኪቦርዱ ኮርድ አይሙላ፤ የመጀመሪያውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ፣ ማሲንቆው ከሚገኝበት አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይያዝ። ግጭቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከሦስተኛው ድምፅ ነው። አባባ በማሲንቆ ሲመልሱ ደግሞ እጁን ያንሳ።

ለክራሩ የዘፈን ቅደም ተከተል ራሱ ሥራ ያቀላል። ባለ 6 አውታር ክራር 5 ድምፅና የመጀመሪያውን በኦክታቭ የሚደግም አንድ አውታር አለው። የቅኝቱን መነሻ ዶ ብንለው ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጉ ማይነር ትዝታ ይሆናል። ከዚያ ሬን በግማሽ ዝቅ፣ ሚ ፍላትን (በግማሽ የወረደውን ሚ) ወደ ፋ ከፍ ስታደርጉ አምባሰል ላይ ናችሁ። ከአምባሰል ሶልን በግማሽ ዝቅ፣ ላ ፍላትን በግማሽ ከፍ ስታደርጉ አንቺሆዬ ይወጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ በየመሀሉ የምትነኩት 2 አውታር ብቻ ነው። ሜጀር ባቲ (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ከሜጀር ትዝታ 3 አውታር ያስነካል፤ ስለዚህ ወይ መክፈቻ ላይ ወይ ከዕረፍት በኋላ አድርጉት። አውታሩን ሁልጊዜ ከሚፈለገው ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ላይ እየሳባችሁ ቃኙ፤ ከላይ ወደ ታች የወረደ አውታር ዘፈኑ መሀል ይላላል። ክራሩ እስኪቃኝ አባባ ግጥም ይወርውሩ እንጂ መድረኩ ዝም አይበል።

ጥያቄ፦ የባንዱ ከበሮ መቺ ነኝ። አባባ ግጥም ሲቀበሉ ዘፈኑ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። በክሊክ (ፍጥነቱን እኩል በሚቆጥር ድምፅ) ብንሠራ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ ባለማሲንቆው ሰምቶ፣ አስተካክሎ፣ ዘፍኖ እስኪመልሰው ድረስ ባንዱ መጠበቅ አለበት፤ ክሊክ መጠበቅ አያውቅም። የምትጠብቁትን ለማወቅ ስንኙን ቁጠሩ። ብዙው የአዝማሪ ግጥም በየወል ቤት ነው፤ አንዱ መስመር 12 ቀለም፣ መሀሉ ላይ 6 እና 6 ሆኖ የሚታጠፍ። ለመቁጠሪያ የሚሆን አንድ ስንኝ እነሆ፦

ጣርማ በር ላይ ቆሜ ቆላውን ብቃኘው፣
ጉሙ ሸፍኖት ኖሮ ደጄን ከየት ላግኘው?

ማሲንቆው የሚመልሰው ስንኙ በሚታጠፍበትና በሚዘጋበት ቦታ ነው። ሮል (ተከታታይ ፈጣን ምት) የምታበዛበት ቦታ ያው ሆኖ ከተገኘ ግጥሙን ትሸፍነዋለህ፤ አድማጭ ወርቁን ካልሰማ ደግሞ ሁለተኛ ስንኝ አይሰጥም። ግጥም ሲጀመር ከበሮውን በጣት ጫፍ አድርገው፤ ስንኙ ሲዘጋ በመዳፍ ተመለስ። ዙሩን መቁጠር ትተህ የደጋኑን ክንድ እየው፤ ሊዘጉ ሲሉ ደጋኑ ይረዝማል። ፍጥነቱ ወደ መጨረሻው መጨመሩ የጨዋታው ጠባይ ነው፤ ስህተቱ ከበሮው ከማሲንቆው ቀድሞ ሲፈጥን ነው። በልምምድ ጊዜ ከበሮና ማሲንቆ ብቻችሁን በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተቀመጡ።

ጥያቄ፦ እኒህን የመሰሉ አባት አሉን፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። ቀርጸን መማር እንፈልጋለን። ቀስ ብለው አይጫወቱልንም፣ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርገውም አይጫወቱም። እንዴት እንያዘው? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ አንድ ዓይነት አድርገው አለመጫወታቸው ሀብታችሁ ነው። አንዱን ዘፈን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ቅረጹት፦ ማሲንቆ ብቻ፣ ማሲንቆና ድምፅ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው ግጥም እየሰጠ። በሦስቱም ያልተለወጠው አጥንቱ ነው፤ የተለወጠው ደግሞ የእሳቸው እጅ ነው። ተማሪው መጀመሪያ አጥንቱን ይያዝ።

ስልካችሁን ከቆዳው ፊት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ ከደጋኑ ትንሽ ወደ አንገቱ በኩል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ደጋኑ ፊት ካደረጋችሁት የሚሰማው የጭራው ፍትጊያ ብቻ ነው። ቀረጻው በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ በዋቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ይሁን፤ በቴሌግራም ስትላላኩ ድምፁ እንዳይጨመቅ እንደ ፋይል ላኩት። በሁለተኛ ስልክ የግራ እጃቸውን ብቻ በቪዲዮ ያዙ፤ ፊታቸውን የያዘ ቪዲዮ ለመታሰቢያ ጥሩ ነው፣ ለትምህርት ግን ጣት ነው የሚያስፈልገው። ቀስ ብለው እንዲጫወቱ አትጠይቁ፤ ቀስ ሲሉ የጣቱ ቦታም የደጋኑ ርዝመትም ይለወጣል። በልካቸው ይጫወቱ፣ እናንተ ድምፁ ሳይወርድ ፍጥነቱን በሚቀንስ አፕ ወደ 70 በመቶ አውርዳችሁ ስሙት። በየፋይሉ ስም ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዘፈኑን መጠሪያ፣ እሳቸው የሚሉትን የቅኝት ስምና ስንኙን የሰጠውን ሰው ጻፉ። ይህን በዚያው ምሽት ያልጻፈ ሰው ከወር በኋላ ያለው ስም አልባ የድምፅ ክምር ነው።

ከመቅረጻችሁ በፊት ግን ፈቃድ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙ በክዋኔው ላይ መብት ሰጥቶታል፤ ቀርጾ ለማሰራጨት ፈቃዱ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የትኞቹ ዘፈኖች፣ መቼና የት ተቀረጹ፣ ለትምህርት ብቻ ነው ወይስ በዩቲዩብ ይወጣል፣ ገንዘብ ቢገኝ የእሳቸው ድርሻ ስንት ነው። በሁለት ቅጂ ተጽፎ ይነበብላቸው፣ አንዱ እሳቸው ጋር ይቀመጥ። የቀረጻውንም ቀን አበል ክፈሉ። ማሲንቆ ሥራቸው ነው፤ እጃቸውን ወስዶ በምስጋና ብቻ መሸኘት ነውር ነው።

ጥያቄ፦ ማሲንቆ ከደብረ ብርሃን ይዘን ሸዋ ሮቢት ለሠርግ ስንወርድ ድምፁ ይቀጥናል፤ አንዴ ደግሞ ቆዳው ከነጭራሹ ተተረተረ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ በአንድ መንገድ ወደ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ትቀንሳላችሁ። መሀል ላይ የጣርማ በር ጉም አለ፤ ከደብረ ሲና በታች ደረቁ ሙቀት ይቀበላችኋል። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጭራም እንዲሁ በእርጥበት ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሳቡ ጉም ላይ ድምፁ ወርዶ ይደፈናል፤ ቆላ ላይ ይወጣና ይቀጥናል። አውታሩ ተወጥሮ እያለ ቆዳው ሲኮማተር ደግሞ ጉልበቱ ሁሉ ብርኩማው (አውታሩን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ሥርና የተሰፋበት ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ የሚተረተረው እዚያ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት መወጠሪያውን አንድ ሁለት ዙር አላሉ፣ ብርኩማውንም አውጡት። በጋቢ ወይም በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ላስቲክ ያልበዋል። የመኪና ጣሪያ ላይም ሆነ መስታወት ሥር አታስቀምጡት። ስትደርሱ ሳትፈቱት ጥላ ውስጥ 2 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ብርኩማውን መልሳችሁ አውታሩን በሦስት ደረጃ፣ በየመሀሉ 10 ደቂቃ እየጠበቃችሁ ወጥሩት። ቆዳው ከመጠን በላይ ከተወጠረ በውሃ ተነክሮ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ አበስ አድርጉት፤ ብርኩማው ያረፈበትን አትንኩ። ማታ ደጋ ላይ ከላላ ከእሳት ፍም አንድ ሜትር ያህል ርቆ እየተገላበጠ ይሙቅ። እሳቱ ሥር ማስጠጋት ድምፁን ቶሎ ስለሚመልሰው ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ስለሚኮማተር ግን ቆዳውን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ከብርኩማው የራቀ ትንሽ ቀዳዳ በስስ ቆዳና በሙጫ ይለጠፋል። ከጠርዝ የተነሳ ስንጥቅ ካለ ቆዳው ይለወጥ። ጠጉሩ የተፋቀ ስስ የፍየል ቆዳ እንደ ጨርቅ እስኪለሰልስ አንድ ሌሊት በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት። ከሣጥኑ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ። ስትወጥሩ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው፣ ከዚያ ወደ ቀሪዎቹ ሁለት ሂዱ፤ በአንድ ወገን ጀምሮ ዙሪያውን መጨረስ ቆዳውን ወደ አንድ በኩል ይስበዋል። በእጅ የቻላችሁትን ያህል አትጎትቱ፤ ሲደርቅ ራሱ ይጨምራል፤ እርጥቡን ከመጠን በላይ የወጠረ ሰው ጠዋት የተሰነጠቀ ቆዳ ወይም የተጣመመ ሣጥን ያገኛል። ያለአውታር፣ በጥላ፣ 3 ቀን ይድረቅ።

ጭራው ከቆሸሸ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ይታጠብ፤ ቅባት ካለበት እጣን አይዘውም። እጣኑን ደጋኑንም አውታሩንም አስነኩ፤ ሁለቱም ጭራ ናቸውና። ነጭ ብናኝ ቆዳው ላይ ከተከመረ በዝቷል፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ጥያቄ፦ የገጠር ተጫዋች ከተማ ገብቶ የከተማውን ሙዚቃ የለወጠበት ጊዜ ከዚህ በፊት ነበር?

መልስ፦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ውስጥ በግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብህ ተመሠረተ፤ በኋላ ለብዙ ዓመታት የመራው ተስፋዬ ለማ ነው። ከተለያየ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ በየሀገራቸው አብረው የማይጫወቱ መሣሪያዎችን አንድ መድረክ ላይ አገናኘ። ከማሲንቆ ተጫዋቾቹ አንዱ ጌታመሳይ አበበ ነበር፤ በሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሳተን ማሲንቆ የተማረው ከእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ብሉ ናይል ግሩፕ በሚል ስም አሜሪካን ዞረዋል። ለእናንተ የሚጠቅመው አሠራሩ ነው፦ ተጫዋቾቹ ደመወዝ ነበራቸው፣ ቋሚ የልምምድ ቦታ ነበራቸው፣ ዜማውም ከእነሱ ይነሳ ነበር። በደብረ ብርሃን አንድ ባለማሲንቆ ያመጣው መነቃቃት ከእሳቸው በኋላም እንዲኖር ከፈለጋችሁ፣ ለሆቴል ምሽት ብቻ የሚጠሩ ሳይሆን በሳምንት የታወቀ ቀን ተከፍሏቸው የሚያስተምሩ አድርጓቸው።

ጥያቄ፦ የሆቴል ሳውንድ ሠራተኛ ነኝ። ማሲንቆ ላይ ማይክ ሳደርግ ይጮህብኛል።

መልስ፦ የማሲንቆ ሁለቱም ፊት ቆዳ ስለሆነ ራሱ እንደ ማይክ ነው የሚሠራው፤ ከሞኒተር (ለተጫዋቾቹ ከተደረገው የመድረክ ስፒከር) የወጣውን ድምፅ ተቀብሎ ይመልሰዋል። ሞኒተሩን ከጎን ሳይሆን በማይኩ ጀርባ ትይዩ አድርገው። ዳይናሚክ ማይክ ከቆዳው 15 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ታችኛው ማዕዘን ያዘነበለ ይሁን፤ መሀሉ ላይ ካነጣጠርከው ይደፈናል። ከ120 ኸርዝ በታች ቁረጥ፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለውን 3 ዴሲቤል ያህል ቀንስ። ኤኮ አታብዛበት፤ የአንዱ ስንኝ ጅራት የሚቀጥለውን ይሸፍናል። ዘፋኙም ተጫዋቹም አንድ ሰው ስለሆነ የድምፁ ማይክ ማሲንቆውንም ይሰማልና መጀመሪያ እሱን ከፍተህ የማሲንቆውን የጎደለውን ያህል ብቻ ጨምር።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ አዝማሪ ሰምቶ ማሲንቆ ካልገዛሽልኝ ብሏል። ከእሱ ይጀምር ወይስ ከክራር? (እናት፣ ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ ልቡ ማሲንቆ ላይ ካለ ማሲንቆ ይግዙለት፤ ያልወደደውን መሣሪያ የሚለማመድ ልጅ የለም። ክራር ቀድሞ ስለሚቃኝ በሁለት ሳምንት ዜማ ያሰማል፤ ማሲንቆ ግን ድምፁን በጆሮ ማግኘት ስላለበት መጀመሪያ ላይ ይጮኻል፣ ቤተሰብም ይታገሥ። የመጀመሪያውን ወር ጣት ሳያሳርፍ ክፍቱን አውታር ብቻ በረጅም ደጋን ይሳብ፣ በቀን 15 ደቂቃ። ሲገዙ አንገቱ ከሣጥኑ ጋር የተገጠመበትን ቦታ ይዘው ያወዛውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ቅኝት አይዝም። መወጠሪያውም በልጁ እጅ መዞር አለበት፤ ሲለቁት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ሌላ ያምጡልኝ ይበሉ።